«ባለ ሁለት መኝታ ቤት»፦ ስለ ጥምር ቅጽሎች አሠራርና አጻጻፍ

በአዲስ አበባ በጎተራ ማሳለጫ ሥር አልፎ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ የሚያቀና እግረኛ በየምሰሶውና በየአጥሩ ላይ ተለጥፈው የሚያገኛቸው ማስታወቂያዎች ለቋንቋ ተመራማሪ የማይናቁ ምንጮች ናቸው። «ባለ ሁለት መኝታ ቤት ይከራያል»፣ «ባለ 3 መኝታ ኮንዶሚኒየም የሚሸጥ»፣ «ባለ አንድ መኝታ ንጹሕ ቤት» የሚሉት ጽሑፎች በአራትና በአምስት ቃላት የተወሰኑ ናቸው። የጻፏቸው ሰዎች ቤት ለማከራየት እንጂ ሰዋስው ለማስተማር አልተነሡም። ይሁን እንጂ የአማርኛ ጥምር ቅጽል የሚያስከትላቸው ችግሮች ሁሉ ማለት ይቻላል በእነዚህ ጥቂት ቃላት ውስጥ ተጠቃልለው ይገኛሉ።

ጉዳዩ የሰዋሰው ሊቃውንት ጭቅጭቅ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ገጠመኝ እናስቀድም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎንደር አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ለሕክምና ከባለትዳር ሴት ልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር መጡ። ስሙን ልንጠቅሰው በማንፈልገው አንድ የእንግዳ ማረፊያ በስልክ «ባለ ሁለት መኝታ ክፍል» ተይዞላቸው፣ የሦስት ቀን ዋጋም አስቀድሞ ተከፍሎ ነበር። ሲደርሱ ያገኙት ሁለት አልጋ የተዘረጋበት አንድ ክፍል ሆነ። ሽማግሌው ከልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ማደርን እንደ ነውር ቆጥረው ሌሊቱን በእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ አነጉ። የማረፊያው ሠራተኛ አልዋሸም፤ ክፍሉ በእርግጥ ባለ ሁለት መኝታ ነው። እኛም አልተሳሳትንም፤ በኮንዶሚኒየም ቋንቋ «ባለ ሁለት መኝታ» ማለት ሁለት የመኝታ ክፍል ያለው ማለት ነውና። ያጠፋው ራሱ ቃሉ ነው። «መኝታ» በሆቴል ቤት አልጋ፣ በቤት ሽያጭ ደግሞ ክፍል ይሆናል። «ክፍል» የሚለውም ቃል ከ«መኝታ» ጋር ተጣምሮ «የመኝታ ክፍል» ይሁን፣ ወይስ ብቻውን ቆሞ በቅጽሉ ይገለጽ፣ ጽሑፉ አያመለክትም።

ጥምር ቅጽል ስንል ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ቃላት ተባብረው አንድን ስም እንደ አንድ ቃል የሚገልጹበትን አሠራር ማለታችን ነው። «ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ» ሲባል «ሁለት» ብቻውን ጠመንጃን አይገልጽም፤ ጠመንጃው አንድ ነው። «አፍ»ም ብቻውን አይገልጸውም። ገላጩ ሦስቱ ቃላት በአንድነት ናቸው። እንግሊዝኛ ይህን ትብብር በጽሑፍ የሚያመለክተው በቃላቱ መካከል አጭር ጭረት በማስገባት ነው። አማርኛ ግን ይህን ሥራ ለጭረት አልሰጠም፤ በቅጥያ፣ በቃላት ቅደም ተከተልና በአያያዥ ፊደላት ይሠራዋል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ጭረት እየተከተሉ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ መዝራት ችግሩን አይፈታም። መፍትሔው የቋንቋውን የራሱን ምልክቶች አውቆ በቦታቸው ማዋል ነው።

ከ«ባለ» እንጀምር። ይህ ቃል በግዕዝ ጌታ፣ ባለቤት የሚል ፍቺ ካለው «በዓል» የወጣ ነው። «በዓለ ቤት» የቤት ጌታ ማለት ነው። ዐይኑ በጊዜ ብዛት ከንግግር ጠፍቶ «በዓለ» በአማርኛ «ባለ» ሆነ። በመጨረሻው ፊደል ላይ ያለው የግዕዝ ድምፅ (ለ) የዘርፍና የባለቤት አያያዥ ምልክት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። «ባለ» በዛሬው አማርኛ ብቻውን አይቆምም፤ የሚከተለው ስም ወይም የስም ሐረግ ያስፈልገዋል። ጥያቄው ሐረጉ እስከ የት ድረስ ነው የሚለው ነው።

«ባለ ሁለት መኝታ ቤት» በሁለት መንገድ ሊከፈል ይችላል። በአንደኛው «ባለ ሁለት መኝታ» ቅጽል፣ «ቤት» ደግሞ ተገላጭ ስም ነው። በሁለተኛው «መኝታ ቤት» እንደ «ምግብ ቤት» ራሱ ጥምር ስም ሆኖ ክፍልን ያመለክታል፤ «ባለ» ይህን ሁሉ ይጠቀልላል፤ የሚገለጸው ስም (አፓርታማ፣ ቪላ፣ ግቢ) አልተጠቀሰም። የቱ እንደተፈለገ የሚለየው ውስን አመልካቹን በማስገባት ነው። በአማርኛ ይህ ቅጥያ የሚጣበቀው በስሙ ላይ ሳይሆን በገላጩ መጨረሻ ላይ ነው፤ «ትልቁ ቤት» እንላለን እንጂ «ትልቅ ቤቱ» አንልም። ስለዚህ «ባለ ሁለት መኝታው ቤት» ካልን ቅጽሉ «መኝታ» ላይ ያበቃል፤ ቤቱ አንድ ነው፤ ሁለት መኝታ አለው። «ባለ ሁለት መኝታ ቤቱ አፓርታማ» ካልን ግን ቅጽሉ «ቤት»ን አካትቷል። ይህ ፈተና ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ በጆሮው ሊሠራው የሚችል ነው። ውል የሚጽፉ ሰዎች አንድ ጊዜ ቢሞክሩት «የባለ ሁለት መኝታ ቤት ቁልፍ» የዋናው በር ይሁን የውስጠኛው ክፍል ከሚለው ክርክር ይድናሉ።

ከዚሁ ጋር ሁለት ነገሮች ተያይዘው ይነሣሉ። አንደኛው ብዙ ቁጥር ነው። «ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል» እንጂ «ባለ አምስት ኮከቦች ሆቴል» አይባልም። ቁጥሩ ሁለትም ይሁን ሃያ፣ በቅጽሉ ውስጥ ያለው ስም በነጠላ ይቀራል፤ ብዙ የሚሆነው ተገላጩ ነው፤ «ባለ አምስት ኮከብ ሆቴሎች»። እንግሊዝኛውም በዚህ ረገድ ያው ነው፤ «ፋይቭ ስታር ሆቴል» እንጂ «ፋይቭ ስታርስ ሆቴል» አይልም። ተማሪዎቻችን እንግሊዝኛ ሲጽፉ አምስት የሚለውን ቁጥር ዐይተው ወዲያው የብዙ ቁጥር ምልክቱን ይጨምራሉ። በገዛ ቋንቋቸው ያለውን ሕግ ቢያስታውሱ ኖሮ ባልተሳሳቱ ነበር። መምህራንም ይህን ዝምድና ለማስተማሪያነት ሲጠቀሙበት እምብዛም አላየንም።

ሁለተኛው «ና» ነው። «ባለ ሁለት መኝታና ሳሎን ቤት» ሳሎኑ ስንት ነው? ልማዱ አንድ ነው ይለናል፤ ሰዋስው ግን ዝም ይላል። «ባለ ሁለት መኝታና አንድ ሳሎን» ብሎ አንድ ቃል መጨመር ምንም ወጪ የለውም።

አሁን ወደ አያያዡ ድምፅ እንለፍ። «ልበ ሙሉ»፣ «ዓይነ አፋር»፣ «ሆደ ሰፊ»፣ «ራሰ በራ»፣ «ደመ ግቡ»፣ «ፀጉረ ልውጥ»፣ «አንደበተ ርቱዕ»፣ «መልከ መልካም» የመሳሰሉት ቅጽሎች በአንድ መልክ የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ቃል ብዙውን ጊዜ የሰውነት ክፍል ወይም የሰው ጠባይ መገለጫ ነው፤ የመጨረሻ ፊደሉም ወደ ግዕዝ ይለወጣል። ሁለተኛው ቅጽል ነው። አሠራሩ ከግዕዝ የመጣ መሆኑን ሁሉም ይስማማበታል፤ ነገር ግን አማርኛ የወሰደውን ነገር ገልብጦ እንደተጠቀመበት ብዙ ጊዜ አይነገርም። ግዕዝ «ንጹሐ ልብ» ይላል፤ ቅጽሉ ይቀድማል፤ አያያዡም በቅጽሉ ላይ ነው፤ ሲበዛ «ንጹሓነ ልብ» ይሆናል። አማርኛ ግን «ልበ ንጹሕ» ይላል፤ የሰውነት ክፍሉ ይቀድማል፤ ሲበዛም «ልበ ንጹሖች» ወይም በግዕዝ አረባብ «ልበ ንጹሓን» ሆኖ ብዜቱ በመጨረሻው ቃል ላይ ይወድቃል። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በስሙ የያዘው አበዛዝ የዚህ ትክክለኛ ምሳሌ ነው። ውስን አመልካቹም እንዲሁ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ «ዓይነ ስውሩ»፣ «ዓይነ ስውሯ»፣ «ሆደ ሰፊው ሰው»። በጋዜጦች አንዳንዴ የምናየው መደነባበር (አንዱ «ሊቃነ መናብርት» ሲል ሌላው «ሊቀ መንበሮች» ማለቱ) የሁለቱ ቋንቋዎች ሕግ በአንድ ቃል ላይ ስለሚጋጭ ነው። «ሊቀ መንበር» የግዕዙን ቅደም ተከተል ጠብቆ የገባ ስም ስለሆነ ሁለቱም አበዛዞች ጠበቃ ያገኛሉ። «ልበ ሙሉ» ግን የአማርኛ ሥራ ነውና ክርክር አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ቃል በአናባቢ የሚያልቅ ከሆነ አያያዡ አይታይም። «መላ ቢስ»፣ «ዋጋ ቢስ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ «ቀልብ» ግን በሳድስ ስለሚያልቅ «ቀልበ ቢስ» ይሆናል።

እዚህ ላይ የሞያ ቃላት አውጪዎችን በብርቱ የሚነካ ነገር አለ። ይህ መልክ በሰው አካል ስም ላይ ሲሠራ ፍቺው ወደ ምሳሌያዊ ያዘነብላል። «ሆደ ሰፊ» ታጋሽ፣ ቻይ ሰው ነው፤ የሆዱ ስፋት አልተለካም። «ሆደ ባሻ» ቶሎ የሚከፋው ነው። «እጀ ጠባብ» እጅን ትቶ የልብስ ስም ሆኗል። «ዓይነ ደረቅ» ደግሞ ኀፍረት የሌለው፣ ደፋር የሚባለው ነው። እንግዲህ አንድ የሕክምና ጽሑፍ ተርጓሚ የዓይን እንባ ማነስን የሚመለከት የእንግሊዝኛ ቃል ገጥሞት በአማርኛ መልክ የተስተካከለ ጥምር ቅጽል አገኘሁ ብሎ «ዓይነ ደረቅ ሕሙማን» ቢል ምን እንደሚከተል አስቡት። ሰዋስው ምንም አልተጣሰም። ግን የሚያነበው ሕመምተኛ ሐኪሙ የሰደበው ይመስለዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ቅጽሉን አፍርሶ ወደ ሐረግ መመለስ ይገባል፤ «የዓይን ድርቀት ያለበት»፣ «ዓይኑ የደረቀበት»። ልቡ በበሽታ ምክንያት የገዘፈበትንም ሰው «ልበ ትልቅ» ማለት አያዋጣም፤ «የልብ መግዘፍ ያለበት» ቢባል ይሻላል። ለዕፀዋት ግን ይህ ሥጋት የለም። «ቅጠለ ሰፊ አረም» ብንል አረም ጠባይ የለውምና ማንም በምሳሌ አይተረጉመውም፤ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ለመሰየም አጭርና ደኅና ቃል ነው። ስለዚህ መልኩን ለሳይንስ አይሆንም ብሎ በጅምላ መተው አያስፈልግም። መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ቃል የሰው አካል መሆን አለመሆኑ ነው።

ከጎተራ ትንሽ ራቅ ብሎ ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ሦስተኛውን መልክ በግልጽ ያሳያል፤ ስም ሲደመር የግሥ ባለቤት አመልካች። በዚህ መልክ አያያዡ ድምፅ የለም፤ «ጠመንጀ ያዥ» አይባልም። የመጀመሪያው ቃል የግሡ ተሳቢ ወይም አድራጊ ይሆናል። «ሀገር ወዳድ» ሀገርን የሚወድ ነው፤ «ሰው ሠራሽ» ግን ሰው የሠራው እንጂ ሰውን የሚሠራ አይደለም። ሁለቱ በጽሑፍ ፍጹም አንድ መልክ አላቸው። «ሰው ሠራሽ» የሚለውን ሰምቶ ሰውን የሚሠራ ማለት ነው ብሎ የሚሳሳት ስለማይገኝ ችግር የለም እንላለን። ነገር ግን አዲስ ቃል ሲፈጠር አንባቢ የሚመራበት ልማድ ገና ስለሌለው ተሳቢና አድራጊ መለየት አለባቸው። «ነፍሳት ወለድ በሽታ» ነፍሳት የሚያመጡት በሽታ መሆኑን የምናውቀው «ውኃ ወለድ» የሚለው ቀድሞ ስለተለመደ ነው።

በዚህ ክፍል የሚገኙት ከግሥ የተቆረጡ ቅርጾች ለቃላት ሥራ እጅግ ምቹ ናቸው፤ «አቀፍ» (ዓለም አቀፍ፣ ሀገር አቀፍ)፣ «ዘለል» (ድንበር ዘለል)፣ «ወለድ»፣ «ገብ» (ሁለገብ፣ ጣልቃ ገብ)፣ «በል» (ሥጋ በል፣ ሣር በል)። ከ«አቃፊ»ና ከ«ዘላይ» ይልቅ አጭር ናቸው፤ ቋሚ ባሕርይን እንጂ የአንድ ጊዜ ድርጊትን አያመለክቱም። «ሥጋ በል እንስሳ» የአራዊት ወገን መለያ ነው። «ሰው በላ» የሚለው ግን አሁንም ከዐረፍተ ነገር ጋር ይምታታል፤ «ሰው በላ» ብቻውን ቢጻፍ አንድ ሰው ምግብ በላ ማለትም ይሆናል። ቀጥሎ «ዓሣ» ሲመጣ ነው ቅጽል መሆኑ የሚታወቀው፤ እሱም ሰውየው ዓሣ በላ ለማለት አለመሆኑን የሚያረጋግጥልን ግሥ በአማርኛ መጨረሻ ላይ መዋሉ ብቻ ነው።

ሌላው የጎተራ ጎረቤት ነፋስ ስልክ ነው። ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፈውን መገናኛ አባቶቻችን «የነፋስ ስልክ» ብለውት ነበር፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ነው። ዛሬ ለተመሳሳዩ ነገር «ገመድ አልባ» እንላለን። የመጀመሪያው በያዘው ነገር ሰየመው፤ ሁለተኛው በጎደለው። ግላዊ አስተያየታችንን ለመደበቅ አንፈልግም፤ ፊተኛው ቃል ውበት አለው። ይሁንና ቃላት በብዛት ሲያስፈልጉ መደጋገም የሚችል ቅጥያ ያሸንፋል። ከ«ገመድ አልባ» ቀጥሎ «ሰው አልባ አውሮፕላን» ያለ ችግር መጣ፤ በነፋስ ግን ሁለተኛ ቃል አልተሠራም።

ማጣትን የሚያመለክቱ ሦስት ቃላት በእጃችን አሉ፤ «ቢስ»፣ «የለሽ» እና «አልባ»። አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። «ቢስ» ወቀሳን ይዟል፤ «ምግባረ ቢስ»፣ «ዋጋ ቢስ»። «የለሽ» በአብዛኛው ረቂቅ ለሆኑ ነገሮች ይውላል፤ «ወሰን የለሽ»፣ «ረዳት የለሽ»። «አልባ» ከሁሉም ይልቅ ስሜት አልባ ነው (ቃሉን በራሱ ለመግለጽ ተገደድን)። በመሆኑም የሞያ ቃል «አልባ»ን ቢመርጥ ይመረጣል። በተለይ ስለ አካል ጉዳት በሚጻፍበት ጊዜ «ቢስ» በፍጹም መግባት የለበትም። «ዕውር» ይባል የነበረው ሰው በ«ዓይነ ስውር» መጠራቱ፣ ዛሬ ደግሞ ብዙዎች «ማየት የተሳነው» ማለታቸው የጨዋነት ጥያቄ ነው፤ አንዲት ቅጥያ ያንን ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ልታደርገው ትችላለች።

ትልቁን ችግር ለመጨረሻ አቆይተነዋል። ብዙ የእንግሊዝኛ ጥምር ቅጽሎች በአማርኛ የሚመለሱት በ«የ» ነው፤ «የረጅም ጊዜ ብድር»፣ «የአምስት ዓመት ልጅ»፣ «የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ»። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ከ1977 እስከ 1986 ዓ.ም. ለታቀደው፣ ኋላም ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. ለተዘጋጀው ዕቅድ መጠሪያ ሆኗል። የእንግሊዝኛው ጭረት የሚሠራውን በአማርኛ «የ» ትሠራለች፤ ቃላቱን ጠቅልላ ለስሙ ታስረክባለች። በትርጉም ሥራ ላይ «የ»ን ጥሎ «ረጅም ጊዜ ብድር» ማለት በቅርቡ የተስፋፋ ስሕተት ነው፤ መታረም አለበት፤ ግን ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም።

ጉዳት ያለው «የ» በሕግ የምትወድቅበት ቦታ ነው። «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» ሲመጡ «የ» ትጠፋለች፤ «ለየአምስት ዓመት ልጅ» ሳይሆን «ለአምስት ዓመት ልጅ» እንላለን። ይህ የአማርኛ ጥንታዊ ሕግ ስለሆነ ማንም ሊሽረው አይችልም። አሁን በአንድ የመድኃኒት መመሪያ ላይ «ለአምስት ዓመት ልጆች አይሰጥም» ተብሎ ቢጻፍ እንዴት ይነበባል? አንዱ፣ ዕድሜያቸው አምስት ዓመት ለሆነ ልጆች አይሰጥም ብሎ ይረዳል። ሌላው፣ እስከ አምስት ዓመት ጊዜ ድረስ ልጆች አይሰጣቸውም ብሎ ሊረዳ ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ የስድስት ዓመቱንም የሦስት ዓመቱንም ልጅ ሕጉ አይነካውም ይል ይሆናል። በንግግር ጊዜ ድምፅ ከ«ዓመት» በኋላ ሲያርፍና ሳያርፍ ልዩነቱ ይሰማል፤ በጽሑፍ ግን ዕረፍቱ አይታይም። የጠፋችውን «የ» የሚተካ ግሥ ማስገባት ግዴታ ነው፤ «ዕድሜያቸው አምስት ዓመት ላልሞላ ልጆች አይሰጥም» ወይም «አምስት ዓመት የሞላቸው ልጆች አይወስዱትም»። ሐረጉ ይረዝማል፤ ይርዘም። ማስታወቂያ ለጣፊው ቃል ቢቆጥብ ይገባናል፤ መመሪያ ጻፊ ግን ቃል ቆጥቦ የሚያተርፈው ነገር የለም።

ስለ ማያያዝና ስለ ማለያየት ጥቂት እንበል። ቀድሞ ቃል ከቃል በሁለት ነጥብ (፡) ይለይ በነበረበት ዘመን «ልበ፡ሙሉ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ነጥቡ በባዶ ቦታ ሲተካ ባዶው ቦታ በየጸሐፊው ፈቃድ ይሰፋና ይጠብ ጀመር። ዛሬ «ልበሙሉ»፣ «ልበ ሙሉ»፣ «ልበ-ሙሉ» በአንድ ገጽ ላይ ሲገኙ አይተናል። የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በመሠረቱ ይለያይ። በመካከሉ ሌላ ቃል ሊገባበት የማይችልና በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ከሆነ ይያያዝ፤ «ሁለገብ»፣ «ባለሥልጣን»፣ «ባለሙያ»። «ባለ ብዙ ሙያ» ሲሆን ግን ወደ መለያየቱ ይመለሳል። አኃዝ ሲመጣም ሁልጊዜ ይለያይ፤ «ባለ 2 መኝታ» እንጂ «ባለ2መኝታ» አይሁን። ጭረት መካከላቸው ካልገባ ትርጉም የሚጠፋባቸው ቃላት ጥቂት ስለሆኑ ለእነርሱ ብቻ ይቀመጥ።

ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚቀረው ጥያቄ «ልበ ሙሉ» በ«ልብ» ሥር ይግባ ወይስ በ«ሙሉ» የሚለው ነው። አንባቢ የሚፈልገው በሰማው የመጀመሪያ ፊደል ስለሆነ በ«ልብ» ሥር እንዲገባ እንመርጣለን። በ«ቢስ»ና በ«አልባ» የሚያልቁት ግን ቁጥራቸው ብዙ፣ ፍቺያቸውም ከክፍሎቻቸው የሚገመት ነው። ስለዚህ ቅጥያዎቹ ራሳቸው በየፊደላቸው መነሻ ሆነው ይተንተኑ፤ ከሥራቸውም እንደ «ገመድ አልባ» ያሉት የተለመዱ ምሳሌዎች ብቻ ይዘርዘሩ። «ባለ»ም በዚሁ ዐይነት በ«በ» ፊደል ይመዝገብ፤ «ባለ ሁለት መኝታ» ከምሳሌዎቹ አንዱ ሆኖ የሆቴሉም የኮንዶሚኒየሙም ፍቺ ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸው ለየብቻ ይጻፉለት።